በሬን የሚከፍተው ጎረቤቴ ነው

እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የለም። ሚስቱ ብቻ ትጠራበታለች፣ እሷም ስትቆጣ። ሌላው ሁሉ ምስማር ነው የሚለው። የማያውቁት አናጢ ስለሆነ ይመስላቸዋል። የሚያውቁት ግን አንዴ ከገባበት ስለማይወጣ እንደሆነ ያውቃሉ። ቂም ከያዘ ያዘ ነው፤ በጉጠት ቢጎትቱት ራሱ ይበጠሳል እንጂ አይነቀልም።

የሚሠራበት ግቢ አራት ወርክሾፖች አሉት። በሮቻቸው መሃል ላይ ያለውን የውሃ ቧንቧ ከበው ይተያያሉ። አንደኛው የምስማር ነው። ከጎኑ ያለው የብየዳ ሱቅ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ከብየዳው ይልቅ ከአፉ የሚፈናጠረው ስለሚበዛ ብልጭታ ይሉታል። ሦስተኛው የሶፋ ሰሪዋ የእትዬ ስፖንጅ ነው። እትዬ ስፖንጅ የተናገርካት ሁሉ ገብቶ የሚቀርባት፣ ስትጨመቅ ግን አንድም ሳይቀር የምትመልሰው ሴት ናት። አራተኛው የቀለምና የቫርኒሽ ቀቢው ነው፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው፣ ባለፈው ሳምንት ምን ሲቀባ እንደከረመ ከጥፍሩ ሥር የሚነበብለት።

አንድ ወንበር እንዲወለድ አራቱም ያስፈልጋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ልክ ነው፤ ግን ድሩ መጀመሪያ እርስ በርሱ ካልታሰረ፣ አንዱ ክር በማለዳ ቀድሞ ሄዶ ከአንበሳው ጋር ይስማማል።

ይሄ ደርሶባቸዋል። ድሮ አምስተኛ ሸሪክ ነበራቸው፣ መስታወት ቆራጭ። ሌላው ሳይመጣ በሩን እየከፈተ የጋራውን ደንበኛ ለብቻው ሲያስተናግድ ከረመና ሲነቃበት መስታወቱን ጠቅልሎ እብስ አለ። ከዚያ ወዲያ ውል ይኑረን ተባለ። ስለ ሸሪኮች አስተዳደር የተማረ ሰው መጣና ሰሌዳ ላይ ክብና ቀስት ሣለላቸው። ቀስቱ ሁሉ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ላይ ያለው ክብ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ግን አልተናገረም። እንዲህ ያለውን ነገር መቼም አይናገሩትም። እትዬ ስፖንጅን በገዛ ሶፋዋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ሰውየው ሄዷል።

"እኔ ያለምኩት ይሻላል" አለች ዓይኗን እያሸች። "ቁልፍ እንለዋወጥ።"

እንዲህ ሆኖ ተደነገገ። ማንም የራሱን በር አይከፍትም። የብልጭታን በር ምስማር ይከፍታል። ብልጭታ የእትዬን፣ እትዬ የቀቢውን፣ ቀቢው ደግሞ የምስማርን። ቁልፍ ያስቀረጸ ከግቢው ይወጣል። ደህና አደርክ ሳትባል ሱቅህ አትገባም፤ የገባኸውም ጎረቤትህ ምን እንዳለህ በዓይኑ ካየ በኋላ ነው።

ምስማር በደንቡ አይከፋም። የሚከፋው በዚያ ቀን ነው። ደንቡ የወጣው እትዬ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ነበር፤ አንድ ወንበር ጎደለና እሱ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። የተቀመጡባቸውን ወንበሮች በሙሉ የሠራው እሱ ነው። ተቀመጥ ያለው፣ ጠጋ በል ያለው አንድም ሰው የለም። ሌሎቹ ያን ቀን ረስተውታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

እንግዲህ አንድ ቲያትር ቤት የአዳራሹን ወንበሮች በሙሉ ሊቀይር ተነሣ። አንድ ትልቅ ፋብሪካም ለሥራው ቋምጧል። የቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ግን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ቀጭን ሴትዮ፣ እስከ ግቢው ድረስ መጥተው እንጨቱን ዳሰሱ፣ ስፖንጁን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉና እንዲህ አሉ፦

"ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ። ናሙናውን ተቀምጬበት ነው የማየው። አንድ ነገር ብቻ፤ ከአራት ሰው ጋር አልከራከርም። አንድ ተጠሪ ይኑራችሁ።"

ተጠሪ። ይቺ ቃል ምስማር ጆሮ ገብታ ጎጆ ቀለሰች። ከእሱ ሌላ ማን ሊሆን? በዕድሜ እሱ፣ ግቢውን ቀድሞ የረገጠ እሱ። ማታ ማታ ሚስቱ ስትወጣለት መስተዋት ፊት ቆሞ "ተጠሪው እኔ ነኝ" ይላል፤ አንዴ በቀጭኑ፣ አንዴ በወፍራሙ። ወፍራሙ ተሻለው።

ረቡዕ እንጨት ሊገዛ ሄዶ ውሎ መጣ። ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ሻይ እየቀዳችለት፣ ደስ የሚለው መስሏት፣ "ወንድሜ ተጠሪ ሆነልህ" አለችው።

ምስማር ዳቦውን አስቀመጠ። "ማን ምን ሆነ?"

"ወንድሜ ነዋ። ትናንት መረጡት።"

"እኔ በሌለሁበት።"

"ብትኖርስ? ቤተሰብ አይደለህ እንዴ?"

"ለዚህ ነዋ እንጨቱ ከሩቅ ይምጣ ያሉት።"

"ከሩቅ ይምጣ ያልከው አንተ ነህ።"

"እንድል አድርገውኝ ነዋ።"

 ግድግዳው ምስማር ላይ የተሰቀለውን ኮቱን አወረደ፣ የብልጭታን ቁልፍ ኪሱ ከተተ፣ ኪሱንም ሁለቴ መታ መታ አደረገው። ሚስቱ ይህን አይታለች፤ ኋላ ጉድ ያፈላው ይህ ማየቷ ነው።

መንገድ ላይ ነገሩን አበሰለው። አይከፍትለትም፣ በቃ። እሱ ሱቁ ውስጥ ሆኖ እንጨቱን እየላገ ያፏጫል። ተጠሪ ተብዬው ከተዘጋ በር ፊት እንደ ለማኝ ይቆማል። ሴትዮዋ ሲመጡ "እዚህ ግቢ የሚረባ ሰው የለም?" ይላሉ፤ ያኔ እሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ ይላል። በወፍራሙ ድምፅ። ይሄን እያሰበ ብቻውን ሲስቅ ከፊቱ የመጣ መንገደኛ ልጁን ይዞ ወደ ማዶ ተሻገረ።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚሉት እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚከፍተው እሱ ነበር። የቁልፉ ክብ ከእሱ ነው የሚነሣው። ዛሬ ግን ቧንቧው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ጫፍ ያያል። ብልጭታ መጣ። ገና ከግቢው መግቢያ ነው የተሰማው፤ አዲስ ጫማው በየእርምጃው ሲጥ ሲጥ ይላል።

"ደህና አደሩ ጋሼ። አዩልኝ ጫማዬን? ተጠሪ በነጠላ ጫማ አይሆንም ብዬ ነው።"

"በደህና ቀን ያልቅልህ።"

"በሩን አይከፍቱልኝም?"

"ቁልፉን ረሳሁት። ቤት።"

ይሄን ብሎ ፊቱን ሊያዞር ሲል ኪሱ ቅጭል አለ። ሁለቱም ሰሙት። ሁለቱም እንዳልሰማ ሆኑ። ብልጭታ አማቹን ከላይ እስከ ታች አየውና በሩን ተደግፎ ቆመ።

እትዬ ስፖንጅ ትከሻዋ ላይ የጨርቅ ጥቅል ተሸክማ ገባች። "ክፈትልኝ አንተ፣ ትከሻዬ ሊገነጠል ነው።"

"ረሳሁት እትዬ።"

"ምኑን?"

"ቁልፍሽን። ጋሼ የኔን ረሱ፣ እኔም ያንቺን።"

"እኔ ምን አደረግኩህ?"

"ምንም። ግን በእጄ ያለው ቁልፍ ያንቺ ብቻ ነው።"

"ረሳሁት አላልክም?"

"የረሳሁት በእጄ ነው።"

የክቡ ጣጣ ይሄ ነው። የሚበድልህ አንዱ፣ በእጅህ ያለው በር የሌላው። እትዬ ስፖንጅ ጥቅሉን አወረደችና አሰበች። ብልጭታን ብትሰድበው በሩ አይከፈትላትም። ምስማርን ብትሰድበው እሱ ስድብ ያጠራቅማል እንጂ አይመልስም። የቀራት አንድ መንገድ ነው። ቀቢው እያፏጨ ሲገባ አፏን በእጇ ሸፍና፣ "ልጄ፣ ዛሬ የመርሳት ቀን ነው፤ እኔም ረስቻለሁ" አለችው።

ቀቢው አንድ በአንድ አያቸው። ሞኝ አይደለም። ቀስ ብሎ ሄዶ ምስማር ፊት ቆመ፣ እጁንም ወደ ኋላው አጣመረ።

"ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝና..."

"እንዳትላት።"

"ረሳሁት።"

ምስማር ይሄን አላሰበም ነበር። በሐሳቡ ውስጥ የሁሉም በር ይዘጋል ይከፈታል፤ የእሱ ግን ፀሐይ እንደምትወጣው በራሱ ጊዜ ይከፈታል። ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ኪሱ ቅጭል አለ። ብልጭታም ክብደቱን ወደ ሌላው እግሩ ሲያዞር ጫማው ሲጥ፣ ኪሱ ቅጭል። ቀቢው እጁን ሲያወርድ ቅጭል። አራት ጎልማሶች፣ አራት የተዘጉ በሮች፣ እያንዳንዱ ኪስ እንደ በግ ደወል ይንቃጨላል፤ ሁሉም ረስቷል።

በውስጥ ደግሞ የናሙናው ወንበር ተበታትኖ ተቀምጧል። መደገፊያው ምስማር ጋ፣ እግሩ ብልጭታ ጋ፣ መቀመጫው እትዬ ጋ፣ ክንዱ ቫርኒሹ እንዲደርቅለት ቀቢው ጋ። በማለዳ ተገናኝቶ ሊገጣጠም ነበር።

ብልጭታ ስልኩን አወጣ። "እህቴ፣ እባክሽ የጋሼን ቁልፍ ይዘሽ ነይ። ቤት ረስተውታል።" ምስማርን አተኩሮ እያየ ነው የሚያወራው። "አዎ ቤት። እሳቸው ናቸው ያሉት። አዎ እኔም ገርሞኛል።"

ሚስትየዋ ሩቅ አትኖርም፤ ብትኖርም ለእንዲህ ያለው ቶሎ ትደርሳለች። ነጠላ ጫማዋን እያንጣጣች ገብታ ባሏ ፊት ቆመችና በስሙ ጠራችው። እናቱ ባወጣችለት።

ሦስቱም ዞር አሉ።

"እንደዚህ ነው እንዴ ስሙ?" አለች እትዬ ስፖንጅ በሹክሹክታ።

"እኔም ዛሬ መስማቴ ነው" አለ ቀቢው።

"ጠዋት ኪስህ ስትከተው አይቼሃለሁ" አለች ሚስቱ። "ሁለቴ መታ መታ አድርገኸዋል። የት ነው ቤት? ኮትህ ውስጥ ነው የምንኖረው?"

ምስማር አፉን ከፈተ፤ ምን ሊል እንደነበር ግን ማንም አያውቅም፤ ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት ከእትዬ ስፖንጅ ቀሚስ ሥር አንድ ቁልፍ ሲሚንቶው ላይ ወርዶ ኪል ብሎ ጮኸ። ኪሷ ቀዳዳ ነው። የሰውን ሶፋ ሁሉ ስትሰፋ የምትውል ሴት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ቀቢው አጎንብሶ እያየው።

"የረሳሁት ነዋ" አለች እትዬ።

መጀመሪያ የተሸነፈችው ሚስትየዋ ናት። ሳቋን በነጠላዋ ልታፍነው ሞከረችና በአፍንጫዋ ወጣ። ከዚያ ቀቢው ቁጭ አለ። ብልጭታ በሩን ይዞ ሲንፈራፈር ጫማው አብሮት ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እትዬ ስፖንጅ ሆዷን ይዛ፣ "ሆዴ፣ ተዉኝ፣ እዋረዳለሁ" እያለች ትለምናለች። ምስማር ብቻ አልሳቀም። ጥርሱን ነክሶ፣ ጉንጩ እየተንቀጠቀጠ ይታገላል።

"በጥሩ ጊዜ አልመጣሁም መሰለኝ" አለ አንድ ድምፅ።

ሥራ አስኪያጇ መግቢያው ላይ ቆመዋል። መነጽራቸውን ከአንገታቸው አንሥተው አደረጉ፣ በሮቹን አንድ በአንድ አዩ፣ መሬት ላይ የወደቀውን ቁልፍም አዩ።

"ለምን ተዘጋ?"

"ቁልፍ ረስተን ነው" አለ ቀቢው፣ እንባውን እየጠረገ።

"አራታችሁም?"

"በየተራ።"

"ተጠሪው ማነው?"

ብልጭታ ሳያቅማማ ምስማርን ጠቆመ። "ጋሼ ናቸው።"

"እሱ ነው" አለ ምስማር። "ተመርጧል። እኔ በሌለሁበት።"

ብልጭታ አሁን ገባው። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። "ለዚህ ነው? ጋሼ፣ ለዚህ ነው በሬን የዘጉብኝ? ተጠሪ ማለት ምን መስሎዎት ነው? አንድ ወንበር በተነቃነቀ ቁጥር የሚሮጥ ሰው እኮ ነው። አዳራሹ ከላይ እስከ ታች ደረጃ ነው። የእርስዎ ጉልበት ደግሞ... እትዬ ነች 'እሱን አናስሩጠው' ያለችው።"

"አልዋሽም፣ እንደሱ አላልኩም" አለች እትዬ። "ያልኩት 'ያ ሽማግሌ ደረጃ ላይ ይሰበርብናል' ነው።"

"ሽማግሌ?" አለ ምስማር። ደረቱ ውስጥ አንድ የሞቀ ነገር ሲፈስ ተሰማውና ቶሎ ብሎ ወደ ቅሬታ ቀየረው፤ ለምዶበታል። "ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁኝም?"

"ብንጠይቅህ እሺ ትላለህ ብለን ፈርተን" አለች እትዬ።

ሥራ አስኪያጇ ሰዓታቸውን አዩ። "ስሙኝማ። የድሮዎቹን ወንበሮች የሠሩልን ሦስት ድርጅቶች ነበሩ። እንጨቱ ሲሰበር ብረቱ ነው ይሉኛል፣ ብረቱ ሲጣመም ጨርቁ ነው። እናንተ ደግሞ ሳትጀምሩ ነው የተጣላችሁት። ፋብሪካው ቢያንስ በሩ ክፍት ነው።" መነጽራቸውን አወረዱና ፊታቸውን ወደ መውጫው አዞሩ።

አሁን ሁሉም ምስማርን አየው። ክቡ ከእሱ ነው የሚነሣው፤ እሱ ካልከፈተ ማንም ቀድሞ አይከፍትም። ቢከፍት ደግሞ ዋሽቶ እንደነበር በአደባባይ፣ በሚስቱ ፊት፣ በስሙ ተጠርቶ በቆመበት ማመኑ ነው። ሰውየው በሕይወቱ ሙሉ ስንት የዛገ ምስማር ነቅሏል። ራሱን ግን ነቅሎ አያውቅም።

እጁን ኪሱ ከተተ። ቅጭል።

"እንኳንም ቤት አልረሳኸው" አለች ሚስቱ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ሄዶ የብልጭታን በር ከፈተ። ቀጭ የሚለው ድምፅ ገና አየር ላይ ሳለ ብልጭታ ሲጥ ሲጥ እያለ ሮጦ የእትዬን ከፈተ። እትዬ የወደቀውን ቁልፍ ከመሬት አንሥታ የቀቢውን፣ ቀቢው ቧንቧውን ዘሎ የምስማርን። ከዚያ ማን ከየት እንደወጣ አልታወቀም። እግሩ በአንድ በር መጣ፣ መቀመጫው በሌላው፤ ሚስትየዋ ብሎን በጥርሷ ይዛ ታቀብላለች፤ እትዬ "ወደኔ፣ ወደኔ፣ አይ ወደሱ" ትላለች፤ ቀቢው የወንበሩን ክንድ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ "እንዳትነኩት፣ እርጥብ ነው" እያለ ራሱ ነካው። ሥራ አስኪያጇ ሊሄዱ አንድ እግራቸውን ካነሡበት አላወረዱትም። የመጨረሻውን ብሎን ምስማር አጠበቀና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ራቀ።

"ይቀመጡ" አለ። ይቺን ቃል እሱ ለሰው ሲላት የመጀመሪያው ነው፤ ማንም ብሎት ስለማያውቅ አጠራሯ ትንሽ ከበደው።

ተቀመጡ። ወደ ግራ ተወዛወዙ፣ ወደ ቀኝ ተወዛወዙ። ወንበሩ ትንፍሽ አላለም።

"ውላችሁ እንዴት ነው?" ብለው ጠየቁ፣ ሳይነሡ።

"የኔን በር እሱ ነው የሚከፍተው" አለ ምስማር ቀቢውን እያሳየ። "የሱን እሷ። የሷን ይሄ። የዚህን እኔ።"

"ዛሬ ግን ተዘግቶ አገኘሁት።"

"ሁሉም ነው የተዘጋው እመቤት። የአንዱ ተዘግቶ የሦስቱ ቢከፈት ነበር መፍራት። እኛ ጋ አንዱ ተቀይሞ ሌላው ሥራውን ሊቀጥል አይችልም። ስለዚህ ሳንወድ በግድ እንታረቃለን።"

"ለመታረቅ ምን ያህል ይፈጅባችኋል?"

"ጠዋት የተውኩት ሻይ ገና አልቀዘቀዘም።"

"ቀዝቅዟል" አለች ሚስቱ።

ሥራ አስኪያጇ ያኔ ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ዘለለ። "እሺ። ተጠሪያችሁን አሳውቁኝና ሥራው የእናንተ ነው።"

"ጋሼ፣ ይውሰዱት በእናትዎ" አለ ብልጭታ። "እኔ ጫማው ይበቃኛል።"

"ተጠሪው" አለ ምስማር፣ "እኔ ነኝ።" ስንት ቀን የተለማመደው ወፍራሙ ድምፅ መንገድ ላይ ቀረና ቀጭኑ ወጣ። ግድ አልሰጠውም።

ወንበሮቹ ተሠርተው ተገጠሙ። ለሙከራ አንድ ከሰዓት በኋላ ትርዒት ሲታይ ሠሪዎቹ ከነቤተሰባቸው ተጠሩ፤ የፊተኛው ረድፍ ለእነሱ ተለቀቀ። ምስማር ያን ለት ኮቱን አስተኩሶ መጣ። በር ላይ ያለው አስተናጋጅ ግን ክንዱን ያዘው።

"ተጠሪው እርስዎ ነዎት? ወንበር ቢላላ እንዲደርሱልን እዚህ ይቆሙልናል፣ ግድግዳው ጋ።"

ሚስቱ ከፊት ሆና ዞር ብላ አየችው። ብልጭታም አየው፤ ፊቱ ላይ "አላልኩዎትም?" የሚል ተጽፏል። አዳራሹ ሞላ። ወንበሮቹን የሠራው እሱ ነው፣ የቆመውም እሱ። ይህ ግድግዳ ያን ግድግዳ መሰለው። ኪሱ ውስጥ ያለውን ካቻቢቴ ጨበጠና ሊከፋ ተዘጋጀ፤ ግን አልሆነለትም። መብራቱ ሲደበዝዝ ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ተደላድሎ ተቀመጠ፣ ወንበሮቹም አንድ ድምፅ አላሰሙም። የሞላ አዳራሽ፣ ፀጥ። ሆዱን እየኮረኮረ የሚወጣ ሳቅ መጣበት፤ አፉን በእጁ ያዘ።

ተዋናይዋ ገና አንድ ቃል ተናግራ ዝም ባለችበት ቦታ ነው የተሰማው። ከፊተኛው ረድፍ። ሲጥ።

ምስማር ደረጃውን ወረደ። ጉልበቱ ሳይለምነው ወረደ። አጎንብሶ ብልጭታ ጆሮ ጋ ደረሰ።

"ተነሥ።"

"ምነው?"

"ወንበርህ ይጮኻል። ልፈትሸው ነው።"

ብልጭታ ተነሣ። ምስማር ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ ወደ ኋላ ተደገፈ፣ እጁን ቀቢው በቀባው ክንድ ላይ ዘረጋ። እትዬ ስፖንጅ በአንድ በኩል፣ ሚስቱ በሌላው። ስፖንጁ ቀስ ብሎ ተቀበለው።

"ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው የሚፈትሹት?" አለ ብልጭታ ጎንበስ ብሎ።

"እስኪጮህ ድረስ። ግድግዳው ጋ ሂድና ቁም፣ ሰው ትከልላለህ።"

ብልጭታ ደረጃውን በእግሩ ጣት ወጣ፤ በየእርምጃው ሲጥ፣ ሲጥ እያለ። ሚስትየዋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። የጫማው ድምፅ እንደሆነ ምስማር ገና ግድግዳው ሥር ቆሞ ሳለ አውቆታል።